ሁለት ሚዛን የያዘ ባለሥልጣን በወረቀት እንዴት ይጠየቃል?

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ተረት ብቻ አልነበረም፤ ሕግም ነበር። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብሩን የማይደፈር፣ ሥልጣኑን የማይነካ አድርጎ ደንግጓል። የ1948ቱም በአንቀጽ 4 ይህንኑ አጸና። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሚለው ሌላ ነው። በአንቀጽ 12 መሠረት የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፤ ማንኛውም ኃላፊና ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ይጠየቃል፤ ሕዝብ እምነት ሲያጣበት የመረጠውን ሰው ከቦታው ሊያነሣው ይችላል። አንቀጽ 25 ደግሞ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ይደነግጋል።

ሕጉ ይህን ሁሉ ቢልም፣ «ለአንዱ እናት ለሌላው እንጀራ እናት ሆናችሁብን» ብሎ ወደ ቢሮ የሄደ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «ማስረጃ አለህ?» አብዛኛው አቤቱታ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ቅሬታው ሐሰት ሆኖ አይደለም፤ አንድ ጎኑ ብቻ ስለቀረበ ነው። በደልን ለማሳየት የራስ መዝገብ ይበቃል፣ አድልዎን ለማሳየት ግን ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ሁለተኛውን መዝገብ የማግኛ መንገድ ነው። የተጠቀሱት አዋጆች የፌዴራል ናቸው፤ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓቱ አዋጅ አዲስ አበባንና ድሬዳዋንም ይጨምራል። ክልሎች የየራሳቸው ሕግና ዋና ኦዲተር አላቸው፤ እዚያ ሲሆን የሕጉን ቁጥር ይቀይሩ፣ አካሄዱ ያው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ በእርግጥ ሁለት ሚዛን ነው?

ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የሚያወዳድሯቸውን ሁለት ጉዳዮች በአራት ነገር ይፈትኑ። የተሠራባቸው ሕግ አንድ ነው? ውሳኔው በተሰጠበት ቀን ያ ሕግ ለሁለቱም ይሠራ ነበር? የሁለቱ ሰዎች ሁኔታ ይመሳሰላል? የወሰነው አካል አንድ ነው? ከአራቱ አንዱ «አይደለም» ከሆነ፣ ቢሮው በዚያች ክፍተት ይወጣል። ሁለት የተለያዩ ክልሎች ውስጥ በሁለት የተለያየ ደንብ የተወሰነን ጉዳይ እንደ አድልዎ ማቅረብ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚያበሳጭ ቢሆንም አድልዎ መሆኑን አያሳይም።

ያለመከሰስ መብትም እንዲሁ ይምታታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም። በሌላ ወንጀል ሲጠረጠር ደግሞ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። ስለዚህ «እኔ በአንድ ቀን ታሰርሁ፣ እሱ ግን አልታሰረም» ማለት ብቻውን አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት «መብቱ እንዲነሣ ጥያቄ ቀርቧል? ከቀረበ በስንት ቀን ታየ? ለሌሎቹ አባላትስ ስንት ቀን ፈጀ?» የሚለው ነው። ሁለት ሚዛን ካለ የሚታየው በቀኖቹ ልዩነት ነው።

ቀን የሚናገረውን ነገር ለማየት አንድ የታወቀ ጉዳይ እናንሣ። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲወጡ አዘዙ፤ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ የሚከለክለው አዋጅም የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። በአዋጁ ውስጥ የማንም ስም የለም፤ ለሁሉም የወጣ ይመስላል። የተያዙበትን፣ ዋስትናው የተፈቀደበትንና አዋጁ የወጣበትን ቀን በአንድ መስመር ሲደረድሯቸው ግን ሌላ ነገር ይታያል። ሕግ ሰው ተይዞ ከወጣ፣ የነጋሪት ጋዜጣው ቀን ራሱ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የአዋጁን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የታተመበትን ቀን ሁልጊዜ ይመዝግቡ።

ሰንጠረዡ

አንድ ሉክ በአግድሙ ይዘርጉና አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን፣ የተፈጸመው ድርጊት፣ የተጠቀሰው አንቀጽ፣ የተሰጠው ውሳኔ፣ የተሰጠው ምክንያት። በየረድፉ አንድ ጉዳይ ብቻ ይግባ። «የተሰጠው ምክንያት» የሚለው ዓምድ ባዶ ከሆነ ባዶውን ይተዉት፤ በግምት አይሙሉት። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ስለሚያስገድድ፣ ባዶው ሣጥን ለብቻው አንድ ጥሰት ነው።

አንድ ጥንድ አይበቃም። ሁለት ሱቆች በአንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ ያለ ደረሰኝ ሸጠ ተብሎ ቢታሸግ ሌላው በዚያው ጥፋት ቢታለፍ፣ ቢሮው «ሁለተኛውን አላየነውም» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ሦስት የታሸጉና ሦስት የታለፉ ካገኙ ግን «አላየንም» የሚለው መልስ ይከብዳል። የታለፉት መታየታቸውን የሚያሳይ ወረቀት ካለ (የተቆጣጣሪ ፊርማ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ የጉብኝት ቅጽ) ጉዳዩ አለቀ ማለት ይቻላል፤ አይተው አልፈዋልና።

የሕጉን ዓምድ ሲሞሉ መመሪያውን ራሱን ይፈልጉ። ብዙ ውሳኔ «በመመሪያው መሠረት» ተብሎ ይሰጣል፣ መመሪያውን ያየ ሰው ግን አይገኝም። በዚሁ በ1183/2012 መሠረት መመሪያ መመዝገብና በድረ ገጽ መጫን አለበት፤ ያልተመዘገበና ያልታተመ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። መዝጋቢው ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር፤ አሁን ሥራው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «የጠቀሳችሁት መመሪያ የምዝገባ ቁጥሩ ስንት ነው?» ይሁን። ይህች አንዲት መስመር የምትከፍተውን በር አሥር ገጽ ቅሬታ አይከፍተውም።

የመረጃ ጥያቄ ደብዳቤ

የሌላውን ሰው መዝገብ የሚያገኙበት መሣሪያ የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በ1238/2013 ቢተካም፣ መረጃ የማግኘት ክፍሉ እንዳለ ቀጥሏል። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት።

ደብዳቤውን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ጭቅጭቁ ነው። «ለምን ታዳላላችሁ?» ብለው ከጻፉ መረጃ አልጠየቁም፣ ከሰሱ፤ መልሱም «አናዳላም» ይሆናል። ቢሮው ውስጥ ያለ ወረቀት ይጠይቁ። እንዲህ፦

«ለ............ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ የሕዝብ ግንኙነት የሥራ ክፍል።
ጉዳዩ፦ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ ስለመጠየቅ።
ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፦ 1ኛ. በወረዳው የታሸጉ ንግድ ቤቶች ብዛት በየወሩ ተለይቶ፤ 2ኛ. ለእያንዳንዱ የተጠቀሰው የጥፋት ዓይነት፣ የመመሪያ ቁጥርና አንቀጽ፤ 3ኛ. በዚያው ጥፋት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጥቷቸው ያልታሸጉ ንግድ ቤቶች ብዛት፤ 4ኛ. እሽግ የተነሣባቸው ቀናትና ያነሣው ኃላፊ የሥራ መደብ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። የነጋዴዎቹ ስም ተሸፍኖ ቢሰጠኝ አልቃወምም። በከፊል የሚከለከል ካለ፣ የተከለከለበት አንቀጽ ተጠቅሶ ቀሪው ይሰጠኝ። ከማክበር ሰላምታ ጋር።»

3ኛው ጥያቄ የሁለት ሚዛን ልብ ነው። የተቀጣውን ብቻ ከጠየቁ የሚያገኙት የቅጣት ዝርዝር ብቻ ነው፣ የታለፈው አይታይም። «ስም ተሸፍኖ» የሚለውም ያለ ምክንያት አልገባም፤ አዋጁ የሦስተኛ ወገንን የግል መረጃ ስለሚጠብቅ፣ ይህን አስቀድመው ካልጻፉ «የግል መረጃ ነው» የሚል እምቢታ ይመጣል። ጊዜውን በበጀት ዓመት መገደቡ ደግሞ መዝገቡ የሚዘጋው በሰኔ 30 ስለሆነ ነው። «ካለፉት አምስት ዓመታት ጀምሮ» ካሉ «ሰፊ ነው፣ አልተጠናቀረም» ተብሎ ይመለሳል።

አንድ ደብዳቤ አንድ ገጽ፣ ከአራት ወይም አምስት ጥያቄ የማይበልጥ ይሁን። ግልባጭ ለስድስት መሥሪያ ቤት መበተን ጉልበት የሚጨምር ይመስላል፤ በተግባር ግን ሁሉም «ለዋናው ተልኳል» ብሎ ያስቀምጠዋል። ግልባጩን ለሁለተኛው ዙር ያቆዩት።

መዝገብ ቤት

ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱ ይገባል፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና የተቀባይ ፊርማ ያስደርጉ። «ለጸሐፊዋ ይስጡ፣ እሷ ታስገባለች» ከተባሉ እሺ አይበሉ፤ በመዝገብ ቤት ያላለፈ ደብዳቤ ነገ «አልደረሰንም» ይባላል። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ከቅጂው ጋር ይስፉት። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያች ማኅተም ነው፣ በኋላ ላይ ይግባኝ ሰሚው መጀመሪያ የሚያየውም እሷን ነው።

የቃል መልስ ሲሰጥዎ በማግስቱ አጭር ደብዳቤ ያስገቡ፦ «ትናንት በዚህ ቀን በቢሮዎ በቃል የተሰጠኝ ምላሽ ይህ ነው፤ ስሕተት ካለው በጽሑፍ ይታረምልኝ።» ኃላፊው ባያርመውም ቃሉ ፋይል ውስጥ ገባ ማለት ነው። ድምፅ በስውር ከመቅረጽ ይህ ይሻላል፤ ማንንም አያስከስስም፣ በቅንነት ለመለሰ ሠራተኛም ክብር ነው።

እምቢታ ከመጣ ወይም ሠላሳው ቀን በዝምታ ካለፈ፣ ቅሬታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይቀርባል። ከዚያ ወደ የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ቀጥሎም ወደ ፍርድ ቤት ነው። ደረጃ የዘለለ ሰው ይመለሳል። በቅሬታው ላይ ጥያቄውን በአዲስ ቃል አይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከነማኅተሙ ያያይዙና የጠቀሱት ክልከላ ለምን እንደማይሠራ በሁለት አንቀጽ ያስረዱ። አዋጁ የመገለጡ የሕዝብ ጥቅም ከሚያደርሰው ጉዳት ሲያመዝን የተከለከለም መረጃ እንዲሰጥ ያደርጋል፤ ይህን ክርክር ማንሣት ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የወጣውን ገንዘብ መከታተል

የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ጠርቶ በግኝቱ ላይ ይጠይቃል። ስለ ተጠያቂነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከመግለጫ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ሪፖርት ቢያነብ ይጠቀማል።

ሪፖርቱ ውስጥ የሚፈለገው ትልቁ ቁጥር ሳይሆን የሚደጋገመው ነው። ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ክፍያ፣ ያለ ጨረታ የተፈጸመ ግዢ፣ ሳይሰበሰብ የቀረ ገቢ፦ እነዚህ ርእሶች በየዓመቱ ይመጣሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ይምረጡ፣ የሦስት ተከታታይ ዓመት ሪፖርት ያውጡ፣ አንድ ርእስ ብቻ ይከታተሉ። ያው ግኝት ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ጥያቄው ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያው ግኝት ማን ተጠየቀ? ገንዘብ ያዡ ደመወዙ ተቆርጦ፣ ወጪውን የፈረመው ኃላፊ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በተሻለ ወንበር የተዛወረ እንደሆነ ሁለት ሚዛኑ እዚያው አለ። የሹመቱን ቀን ከኦዲቱ ቀን ጎን ያስቀምጡ። የኦዲት ግኝት የፍርድ ቤት ውሳኔ እንዳልሆነ ግን አይርሱ። «ማስረጃ ያልቀረበበት» ማለት «የተሰረቀ» ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብለው ከጻፉ ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ፣ በአንባቢ ዘንድም ትክክለኛው ግኝት አብሮ ይወድቃል።

በሀብት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የተወሰኑ ሠራተኞች ሀብታቸውን ያስመዘግባሉ፣ በየሁለት ዓመቱም ያድሳሉ። መዝጋቢው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። እዚህም በጽሑፍ ይጠይቁ። የንብረቱ ዝርዝር ባይገኝ እንኳ «በዚህ ዓመት የማደሻ ጊዜውን ያሳለፉ ስንት ናቸው? በስንቶቹ ላይ እርምጃ ተወሰደ? በየሥልጣን እርከኑ ይለይልኝ» የሚል ጥያቄ የማንንም የግል ምሥጢር አይነካም።

ቃልና ተግባር

አንድ ባለሥልጣን ተቃዋሚ ሳለ የኮነነውን ዛሬ ራሱ ሲያደርገው ሁለቱን ንግግሮች ማቀናጀት ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው ግን ሃያ ሰከንድ ቆርጦ ይለጥፍና «ከዐውዱ ወጥቷል» ተብሎ ይዘጋበታል። ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ቢያንስ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይያዙ፤ የተናገረበትን ቀን፣ ቦታና ያኔ የነበረውን ሥልጣን ይመዝግቡ። በቴሌግራም የተቀባበለ ቅጂ ምንጭ አይደለም፤ መጀመሪያ ያሠራጨውን ጣቢያ ያግኙ። ቪዲዮውን ያውርዱ፣ የፋይሉን ስም በቀን ይጀምሩ (2010-07-24 እንደሚለው)፣ ገጹ ነገ ሊጠፋ ስለሚችል ከነአድራሻው ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። በምክር ቤት የተባለ ከሆነ ቃለ ጉባኤው ከሁሉ ይበልጣል።

ከዚያ የከበደው ፈተና ይመጣል፦ ባለሥልጣኑ የእርስዎ ወገን ቢሆን ያው ጽሑፍ ይወጣ ነበር? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ከሚደግፉት ወገን ቢያንስ አንድ ተመሳሳይ ጉዳይ በሰንጠረዡ ያስገቡ። የሚጠየቀውን ሰው በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ የሚጠራ ዐረፍተ ነገር ካለ ያውጡት፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ለዘር የሚሆን ዓምድ የለም። ባሕር ማዶ ሆኖ የሚጽፍም ሰው እዚህ ላይ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ የሚያጋራው ቅጂ ሰነዱን የሰጠውን ሠራተኛ በአገር ቤት ሊያስይዘው ይችላል። በሰነዱ ዳር በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ፣ የፎቶ ኮፒ ጥቁር ነጥብ፣ የገጽ ቁጥር፣ ሁሉም ከማን እጅ እንደወጣ ይናገራሉ፤ ከማጋራትዎ በፊት ይሸፍኗቸው። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም በሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች የወጣ ስለሆነ፣ ስለ ወረዳ አድልዎ የነገረዎትን ሰው ይጠብቀዋል ብለው ቃል አይግቡለት።

የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ በተፈጸመ ጥፋት ላይ ቅጣቱን ያከብዳል። «የሰማሁት»ን «ያየሁት» አድርገው እንዳይጽፉ ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው።

አቤቱታው ለማን?

ውሳኔው እርስዎን የነካ ከሆነና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን የቅሬታ ደረጃ ከጨረሱ፣ በ1183/2012 መሠረት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሊመረምረው ይችላል። የጊዜ ገደብ ስላለው ውሳኔው በደረሰዎት ሳምንት ጠበቃ ያማክሩ። ጉዳዩ የአስተዳደር በደል ከሆነ እንባ ጠባቂ ተቋም በነጻ ይቀበላል፤ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ግን አይመረምርም። ስለዚህ «ሁለቱንም ልሞክር» ብለው በአንድ ቀን ሁለቱንም በር ካንኳኩ አንዱን በገዛ እጅዎ ዘጉት። ጉቦ ወይም የተመዘበረ ገንዘብ ካለበት ወደ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይሂዱ። ጉዳዩ የብዙ ሰው ከሆነ ደግሞ ሰንጠረዡን ለምርጫ ክልልዎ ተወካይ ይስጡ። በአንቀጽ 55 መሠረት ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ተወካዩ ሊያነሣው የሚችል አንዲት ጥያቄ በሁለት መስመር ጽፈው ያያይዙለት፤ ሃያ ገጽ ፋይል ይዞ ወደ መድረክ አይወጣም።

ከማተምዎ በፊት ሰንጠረዡን ለሚመለከተው ኃላፊ ልከው የሰባት ቀን የመልስ ጊዜ ይስጡ። መልሱ ሲመጣ ሳያሳጥሩ ያትሙት። ከሰባቱ ቀን በኋላ ደርሶ አንድ ረድፍ ስሕተት መሆኑን ካሳየ፣ ያንን ረድፍ በዚያው ገጽ ላይ በዚያው መጠን አርመው፣ የታረመበትን ቀን ጽፈው፣ የቀሩትን ረድፎች እንደነበሩ ያቆዩ።